የኋላ ማርሽ

ፈረሱ ሳይገዛ ኮርቻው ገባ ቤት።
ጎረቤታችን ኦርቪል በሞተ በሳምንት
ሚስቱ ቁልፉን ይዛ፣ በራችን ላይ ቆማ፣
«ውሰዱት» አለችን፣ «ዝገት ሳይቀማ።»
አሥራ ስምንት ጫማ፣ ሆዱ አሉሚኒየም፣
የትሉ ቆርቆሮ እንኳን አልተከደነም።
ከጓሯችን ጥግ ሁለት ክረምት ከርሞ፣
በረዶ ተጭኖት፣ ሸራ ተሸልሞ፣
አፍንጫውን ቀስሮ ወደ ምዕራብ ቆሞ።

ዘንድሮ እኔም ወጣሁ ከሥጋው ፋብሪካ።
ሀያ ሁለት ዓመት ቢላ የያዘ እጅ ለካ
በጠዋት ሲነቃ መጨበጥ ብቻ ነው፣
መዘርጋት ረስቷል፤ ጭራሽ አያውቀው።
ሐኪሙም አልቻለም የያዘው እንዲለቅ፤
ዘንግ ልስጠው አልኩኝ፣ ቢላዋው ይውደቅ።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሱ ፎልስ በሚያልቅበት፣
ቤት ያዘለ መኪና ተርታ በቆመበት፣
እኔና ዘውድነሽ ልንመርጥ ደረስን፣
ከነጀልባችን ነው፣ በፒክአፕ ጎትተን።
ሻጩ ዱዌይን ይባላል። ጫማው ጭቃ አያውቅም፤
ዓሣ አጥምዶ ያውቅ እንደሁ ፊቱ አይናገርም።

የመጀመሪያው ግዙፍ፣ አርባ ጫማ ርዝመት፣
ቴሌቪዥኑ ሦስት፣ ወለሉ መስታወት።
እኔ ሶፋው ላይ ሰመጥኩ እንደ ደጃዝማች፤
ዘውዴ ግን አልገባችም፣ ተንበረከከች ታች።
የመጎተቻውን ቁጥር በጣቷ ዳብሳ
«ይሄ ምን ይስባል?» አለች፣ አቧራውን አብሳ።
«ጀልባ? እንዴታ!» አላት። «ጀልባ አይደለም፣ ክብደት።
ቤንዚኑ ሲሞላ፣ ውኃ ሲሞላበት፣
የበረዶው ሣጥን፣ መልሕቁ፣ ባትሪው፣
እኛ ሁለታችን፤ ስንት ነው የቀረው?»
ዱዌይን ወረቀቱን ገለጠ፣ አጠፈ፤
ከአንገቱ የተነሳ ቅላት ጆሮው አለፈ።
ለካ ያ ሁሉ ቤት ራሱን ነው የቻለ፣
ከጀርባው ቢያክሉበት ጉልበት የት አለ?

ሁለተኛው ቫን ነው፣ ቀጠን ያለ ቁመና፤
መጎተት ይጎትታል፣ ሞተሩም ደህና።
አልጋው ላይ ወጣንና ተኛን ለሙከራ
(ዱዌይን ዞር አለ፣ ስልክ እንደሚጠራ)።
እግሬ በሩን ገፋው፣ ክርኗ ዓይኔን ወጋኝ፤
ጣሪያውን እያየች እንዲህ ስትል ሰማኋት፦
«ሠላሳ አንድ ዓመት ተኛሁ ከጎንህ፤
እንዲህ ቀርበኸኝ አታውቅም፣ ይቅርብህ።»

ሦስተኛው ከጋራዡ ጀርባ፣ ገና ያልወጣ፣
ሀያ ስድስት ጫማ፣ ቀለሙ የነጣ፤
የሌላ ሰው ውሻ ሽታ ምንጣፉ ላይ፣
ጣሪያው የተለጠፈ፣ ዝናብ እንዳያይ።
መሳቢያው ውስጥ መንጠቆ፣ ጫፉ የዛገ፤
ማን እንደተወው እንጃ፣ ምን እንደፈለገ።
ዘውዴ ቁጥሩን አነበበች። ደገመች። ሳቀች።
«ጀልባውን ግጠሙበት፣ እንየው» አለች።

ሁለት በርሜል ቆመ። እኔ መሪ ያዝኩኝ።
ዓሣ አጥማጁ እኔ ነኝ፤ መንዳቱ አያቅተኝ!
ወደ ግራ ሳዞር ወደ ቀኝ የሚሄድ፣
ያሰብኩትን ሁሉ ገልብጦ የሚፈርድ
ያ ተሳቢ ጉድ ነው። ሦስት ጊዜ ታጠፈ፤
አንደኛው በርሜልም ጎኑን ተገረፈ።

ወረድኩ። እሷ ወጣች። ምንም አልተናገረች።
አሥራ ዘጠኝ ክረምት አውቶቡስ የነዳች፣
ሰባ ተማሪ ጭና፣ በዳኮታ በረዶ፣
ከኋላ ማን ማንን እንደመታ፣ ማን ሮጦ፣ ማን ሄዶ፣
በመስታወት ስትዳኝ የኖረች ሴት ናት።
መሪውን ከሥሩ ባንድ እጇ ጨበጠች፣
ቀስ እያባበለች፣ ቀስ እያሳመነች፣
በርሜልና በርሜል መሀል አኖረችው፤
ውኃ ያለ ይመስል ቀስ ብላ ለቀቀችው።
ዱዌይን ቆቡን አወለቀ። ዋጋውም ቀነሰ፣
ትንሽ። ያን ቀን ያው ቤት ደጃችን ደረሰ።

ሰኔ ነው። ሚዙሪ ከእንቅልፉ አልነቃም፣
የቼምበርሌን ድልድይ መብራቱ አልጠፋም።
ተሳቢው ጠለቀ። ጀልባው ብድግ አለ፣
ኦርቪልን የሚፈልግ ይመስል ዋለለ።
ጉልበቴ ድረስ ገብቼ ገመዱን ይዣለሁ፤
ከምሰሶው ላስረው ነው፣ ልፈታው አልቻልኩ።
ጣቶቼ እምቢ አሉ። ያ ገመድ እንዳለ
ከመዳፌ ሥጋ አብሮ የበቀለ።

በመስታወቱ ውስጥ ታየችኝ። ትታየኛለች።
«ቶሎ በል» አትልም። ሞተሩን አጥፍታ
ትጠብቃለች ጣቴ እስኪፈታ፣
አንድ፣
ኋላም አንድ፣
በእርጋታ።